“ምርመራ አያስፈልገውም” ሲባሉ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች አንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው በሆስፒታል፣ በኬር ሆም (በእንክብካቤ ቤት) ወይም በድጋፍ በሚኖርበት ቤት ሲጎዳ ወይም ሲሞት ተቋሙ የሚሰጠው መልስ። ሕጉም አሠራሩም የእንግሊዝ ነው፤ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የራሳቸው አላቸው። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወንድሜ 31 ዓመቱ ነበር። የአእምሮ እድገት ውስንነትና የሚጥል በሽታ ነበረበት። ለአጭር ጊዜ በገባበት ሆስፒታል ባለፈው ሳምንት አረፈ። “በተፈጥሮ ምክንያት ነው፤ ምርመራ አያስፈልገውም” ብለው በስልክ ነገሩን። አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ልንልክ እየተዘጋጀን ነው፤ ግን ልባችን አላመነም። — እህቱ፣ ከሊድስ

ነፍስ ይማር። አስከሬኑ ከመንቀሳቀሱ በፊት ዛሬውኑ ኮሮነር ቢሮ ይደውሉ። ኮሮነር የሞትን ምክንያት የሚመረምር፣ ከሆስፒታሉም ከፖሊስም ነፃ የሆነ የዳኝነት ባለሥልጣን ነው። የሟች ቤተሰብ በቀጥታ ሊያነጋግረው ይችላል፤ የሆስፒታሉን ፈቃድ አይጠይቅም።

“በተፈጥሮ ምክንያት” የሚለው ውሳኔ ያከመው ክፍል ብቻውን የሚሰጠው አይደለም። ከመስከረም 9 ቀን 2024 ጀምሮ ወደ ኮሮነር ያልተላከ ሞት ሁሉ “ሜዲካል ኤግዛሚነር” በሚባል፣ በሕክምናው እጁ በሌለበት ሐኪም መታየት አለበት። የዚህ ሐኪም ቢሮ ለቤተሰብ ደውሎ “ስለ ሕክምናው የሚያሳስባችሁ ነገር አለ?” ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ሰው በኀዘን ላይ ሆኖ “የለም፣ እግዚአብሔር ይስጥልን” ብሎ ይዘጋዋል። የሚያሳስባችሁ ነገር ካለ መናገር ያለባችሁ እዚያ ላይ ነው።

ኮሮነሩ ሞቱን መመርመር ያለበት ሞቱ ከተፈጥሮ ውጭ ነው ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ሲኖረው፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲቀር ወይም ሟቹ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ሳለ ሲሞት ነው። ወንድምዎ በአእምሮ ጤና ሕግ ተገደው የተያዙ ከነበሩ ምርመራው ግዴታ ነው። ኬር ሆም ውስጥ ነፃነትን ለመገደብ በሚሰጥ ፈቃድ ብቻ የነበረ ሰው ግን ከሚያዝያ 2017 ወዲህ በዚህ ምክንያት ብቻ ወደ ኮሮነር አይሄድም፤ በዚያ ሁኔታ ጥርጣሬውን በግልጽ ማቅረብ የቤተሰቡ ፈንታ ይሆናል።

ለኮሮነሩ ቢሮ ከስልኩ በተጨማሪ አጭር ኢሜይል ይላኩ። ስሜትዎን ለመግለጽ ሌላ ቦታ ይኖራል፤ እዚህ የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦ ስምና የትውልድ ቀን፤ ያለባቸው ሕመም፤ ለመጨረሻ ጊዜ የጣላቸው መቼ እንደሆነ፤ የት እንደተገኙ (መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ፣ አልጋ ላይ፣ ምግብ ጠረጴዛ አጠገብ)፤ በየስንት ደቂቃው መታየት እንደነበረባቸውና በመጨረሻ ያያቸው ማን እንደሆነ፤ በቅርብ ሳምንታት የተቀየረ ወይም የተጨመረ መድኃኒት፤ የሆድ ድርቀት ነበረባቸው ወይ። የመጨረሻው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው ሰዎች ዘንድ ሳይታከም የቆየ ድርቀት አንጀት ዘግቶ ይገድላል፤ በተለይ አንጀትን የሚያዘገይ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ። “የሳንባ ምች” ተብሎ የሚመዘገበውም እንዲሁ ነው። ሕመሙ በተፈጥሮ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ምግብ ትን ብሎት ወደ ሳንባው ገብቶ ከሆነ ግን ጥያቄው የአመጋገብ ዕቅዱ ተከብሮ ነበር ወይ የሚል ይሆናል።

የመጀመሪያው ቃል ምን ያህል እንደሚወስን ከኦክስፎርዱ ጉዳይ ይታያል። በሐምሌ 2013 የሚጥል በሽታ የነበረበት የ18 ዓመት ወጣት በአንድ የኤንኤችኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎት) ሕክምና ክፍል መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሰጥሞ ሞተ። ክፍሉን የሚያስተዳድረው የኤንኤችኤስ ድርጅት (ትረስቱ) በመጀመሪያ “የተፈጥሮ ምክንያት” አለ። በየካቲት 2014 የወጣው ገለልተኛ ምርመራ ሞቱን መከላከል ይቻል እንደነበር አረጋገጠ፤ በጥቅምት 2015 የኮሮነሩ ጁሪ ቸልተኝነት አስተዋጽኦ እንዳደረገ ወሰነ። ከዚያ ሌላ ግምገማ ተከተለ። ግምገማው ትረስቱ ከሚያዝያ 2011 እስከ መጋቢት 2015 የአእምሮ እድገት ውስንነት ከነበረባቸው ሟቾቹ ውስጥ የመረመረው ወደ 1 በመቶ ብቻ እንደነበር አሳየ። በመጋቢት 2018 ፍርድ ቤት ትረስቱን ለዚህና ለሌላ አንድ ሞት 2 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣው። ቤተሰቡ የመጀመሪያውን ቃል ተቀብሎ ቢሆን ኖሮ ከእነዚህ አንዱም ባልመጣ ነበር።

ቀብሩን በተመለከተ፦ የኮሮነር ምርመራ ቀብርን ለወራት አያግድም። የአስከሬን ምርመራው እንዳለቀ አስከሬኑ ይለቀቃል፤ የኮሮነሩ ችሎት ከቀብር በኋላ ይቀጥላል፤ ለባንክና ለመሰል ጉዳይ ጊዜያዊ የሞት ማስረጃ ይሰጣችኋል። አስከሬን ከእንግሊዝ ለማውጣት ግን አስቀድሞ ለኮሮነሩ ማሳወቅ ግዴታ ነው። አንዴ ከወጣ ሁለተኛ የአስከሬን ምርመራ የማድረግ ዕድሉ በተግባር ያበቃል፤ ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት የመጀመሪያው ምርመራ መደረጉንና ናሙና መያዙን በጽሑፍ ያረጋግጡ።

የልጄን ሞት በተመለከተ ትረስቱ 40 ገጽ ረቂቅ ሪፖርት ልኮ አስተያየት ጠየቀን። መጨረሻው ላይ “ትምህርት ተወስዷል” ይላል። ምኑን ይዤ ነው አስተያየት የምሰጠው? — አባት፣ ከለንደን

ከመደምደሚያው አይጀምሩ። መጀመሪያ የምርመራው ወሰን የተጻፈበትን ገጽ ያውጡ። የተጠየቀው “መመሪያው ተከብሯል ወይ?” ብቻ ከሆነ መልሱ “አዎ” ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ ግን መመሪያው ራሱ ሊሆን ይችላል። በኦክስፎርዱ ጉዳይ ወጣቱ ገንዳ ውስጥ ሳለ በየ15 ደቂቃው ይታይ ነበር። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ውኃ ውስጥ ቢጥለው ለመስጠም ደቂቃዎች ይበቁታል፤ 15 ደቂቃው በትክክል ተከብሮም ሰው ይሞታል።

ቀጥሎ ማን እንደጻፈው ይመልከቱ፦ የዚያው ክፍል ኃላፊ ነው ወይስ ከውጭ የመጣ? ከዚያ የጊዜ ቅደም ተከተሉን ይዘው ይቀመጡ። እያንዳንዱ መስመር ምንጩ ሊጻፍለት ይገባል፤ በወቅቱ የተሞላ ቅጽ፣ የኮምፒዩተር መዝገብ ወይስ ከሳምንታት በኋላ የተሰጠ የሠራተኛ ቃል? ሠራተኛው በኋላ የተናገረው በወቅቱ ከተጻፈው ጋር ተቀላቅሎ ከቀረበ ይለዩት። የክትትል ቅጹ 9:00፣ 9:15፣ 9:30 እያለ ያለ አንዲት ደቂቃ ዝንፈት፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ትንፋሽ የተሞላ ከመሰለ፣ “በኋላ የተሞላ ነው ወይ?” ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ሥራ በበዛበት ክፍል ማንም በሴኮንድ ልክ አይዞርም። በኮምፒዩተር የተመዘገበ ከሆነ ማስታወሻው የገባበትን ትክክለኛ ሰዓት የሚያሳየውን የውስጥ መዝገብ ይጠይቁ።

የእርምጃ ዕቅዱን የምንመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ዛሬ ያሉት ሠራተኞች በሙሉ ቢለቁ ይህ እርምጃ በቦታው ይቀራል? “ሠራተኞች እንዲያስታውሱ ይደረጋል”፣ “መመሪያው ይከለሳል”፣ “ሥልጠና ይሰጣል” የሚሉት አብረዋቸው ይሄዳሉ። የሚቀረው ለምሳሌ የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ሁሉ የገላ መታጠብ ዕቅድ ካልተጻፈ ወደ ክፍሉ እንዳይገባ ማድረግ፣ ከገንዳ ይልቅ ሻወር፣ ገንዳ ከሆነም ሠራተኛው እስከ መጨረሻው አጠገቡ እንዲሆን ማድረግ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ የባለቤት ስም፣ ቀንና መፈጸሙን የሚያሳይ ማስረጃ ሊኖረው ይገባል።

አስተያየትዎን ቁጥር እየሰጡ፣ ገጽና አንቀጽ እየጠቀሱ በጽሑፍ ይላኩ፤ ያልተቀበሉትን ነጥብ ደግሞ ከሪፖርቱ ጋር እንዲያያይዙት ይጠይቁ። ቅጂውን ለኮሮነሩም ይላኩ። ምርመራውን ለማጠናቀቅ ቀድሞ የነበረው የ60 የሥራ ቀን ገደብ እ.ኤ.አ. በ2023 በተተካው አሠራር ቀርቷል፤ አሁን ቀኑ ከቤተሰብ ጋር ተነጋግሮ የሚወሰን ስለሆነ እርስዎ ካልጠየቁ ማንም አይነግርዎትም። ይቅርታ መጠየቁ ደግሞ ችሮታ አይደለም። ከኅዳር 2014 ጀምሮ የኤንኤችኤስ ተቋማት፣ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ሌሎቹም አገልግሎት ሰጪዎች ከባድ ጉዳት ሲደርስ በቃልም በጽሑፍም የማሳወቅና ይቅርታ የመጠየቅ ግዴታ አለባቸው። ይቅርታው ጥፋትን ማመን ተደርጎ አይቆጠርም፤ ስለዚህ “ጠበቃችን ከልክሎናል” የሚል ሰበብ አይሠራም።

ሌላ ብዙዎች የማያውቁት፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት አዋቂ ሰው ሲሞት “ሌደር” በተባለው አገር አቀፍ የሞት ግምገማ ይታያል፤ ሞቱን ቤተሰብም በድረ ገጹ ማስመዝገብ ይችላል። አብዛኛው ግምገማ አጭር ነው። ሟቹ ከአናሳ ብሔረሰብ ወገን ከሆነ ግን ጥልቅ ግምገማ እንዲደረግለት የፕሮግራሙ ፖሊሲ ያዛል። የእኛ ልጆች እዚህ ውስጥ ይገባሉ። የዘር መግለጫው ባዶ ሆኖ ወይም “አልታወቀም” ተብሎ ስለሚላክ ነው የሚያመልጣቸው፤ ይህን አንድ መስመር ያረጋግጡ። ሌደር ግን የኮሮነሩን ችሎት አይተካም፤ ጥፋተኛም አይለይም።

ልጄ 26 ዓመቷ ነው፤ አትናገርም። በኬር ሆሟ ክንዷ ላይ ሰንበር አይቼ ብጠይቅ “ራሷን መታች” አሉኝ። ብጮህ እንዳያስወጧት ወይም እንዳትጠይቂያት እንዳይሉኝ እፈራለሁ። — እናት፣ ከማንቸስተር

ዛሬ ፎቶ ያንሱ፤ ከጎኑ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም ያስቀምጡ፤ ቀንና ሰዓት ይጻፉ። በውስጥ ክንድ ላይ ክብ ክብ ሆነው የተደረደሩ ምልክቶች የጣት አያያዝ ሊሆኑ ስለሚችሉ ጂፒ (የአካባቢ ሐኪም) ወይም ድንገተኛ ክፍል ታይተው በሰውነት ሥዕል ላይ ይመዝገቡ። ከዚያ ለማናጀሩ በኢሜይል ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የዚያ ቀን የክስተት ሪፖርት፣ የባሕርይ መከታተያ ቅጽና የፈረቃ ሰሌዳ። ራሷን የመታች ከሆነ መቼ፣ ከምን በፊት፣ ማን ባለበት የሚል መዝገብ መኖር አለበት። ከሌለ ምላሹ ግምት ነው።

ቅሬታውን በኬር ሆሙ ብቻ አይተዉት። ለካውንስሉ (ለአካባቢው መስተዳድር) የአዋቂዎች ሴፍጋርዲንግ (ከጥቃት መጠበቂያ) ክፍል ይደውሉና “በ2014 የኬር ሕግ አንቀጽ 42 መሠረት ማጣራት እንዲደረግ እጠይቃለሁ” ይበሉ፤ የመዝገብ ቁጥር ሳይቀበሉ ስልኩን አይዝጉ። ወንጀል ከመሰለዎት ፖሊስ። ሲኪውሲም (የጤናና የእንክብካቤ ተቋማት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት) ይወቅ፤ ሲኪውሲ ግን የአንድን ሰው ቅሬታ አይፈታም፤ መረጃውን ለቁጥጥር ይጠቀምበታል። ካውንስሉ ራሱ ካልሠራ የአካባቢ መስተዳድርና ማኅበራዊ እንክብካቤ እንባ ጠባቂ አለ።

ቁጥሩን የምናጠብቅበት ምክንያት አለ። ብሪስቶል አጠገብ በነበረው ዊንተርበርን ቪው ሆስፒታል ሠራተኞች በታካሚዎች ላይ ያደረሱት በደል በቢቢሲ ድብቅ ካሜራ በግንቦት 2011 ከመውጣቱ በፊት ለካውንስሉ 40 የሴፍጋርዲንግ ጥቆማዎች ደርሰው ነበር። እያንዳንዱ ለብቻው ታይቶ ተዘጋ፤ ደምሮ ያያቸው አልነበረም። ቤተሰቦችም ታካሚዎቹ ወደሚኖሩበት ፎቅ እንዳይወጡ ይደረግ ነበር። እናም ሁለተኛውን ሰንበር ሲያመለክቱ የመጀመሪያውን ቁጥር ይጥቀሱ፤ አያይዘው ካላመለከቱ ማንም አያያይዘውም።

ስለ ጉብኝት፦ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ኬር ሆሞችና ሆስፒታሎች ጠያቂን መቀበል በሕግ የተጣለባቸው መስፈርት ነው፤ ቅሬታ ስላቀረቡ መከልከል አይቻልም። ማስወጣትን በተመለከተ ዋስትና የለም። ውሉ የሚፈቅደውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ያንብቡ። ካውንስሉ የሚከፍል ከሆነ አማራጭ ቦታ ማዘጋጀትና የሚበጃትን ከቤተሰብ ጋር መምከር የካውንስሉ ግዴታ መሆኑን ግን አይርሱ።

መዝገብ ስንጠይቅ “የግል መረጃ ነው” ይሉናል። — ከኮቨንትሪ

ለሟች፦ የ1990ው የጤና መዝገብ ሕግ የሟችን ንብረት የሚያስተዳድር ሰው፣ ወይም ከሞቱ የሚመነጭ የካሳ ጥያቄ ያለው ሰው መዝገቡን እንዲያይ ይፈቅዳል። ፍላጎትዎን በእነዚህ ቃላት ይጻፉ። ምርመራው ከተከፈተ ደግሞ ኮሮነሩ ሰብስቦ ለቤተሰቡ ይሰጣል። “ፋይሉን” ብቻ አይጠይቁ፤ የዕለት ማስታወሻ፣ የክትትል ቅጽ፣ የሚጥልበት መከታተያ፣ የመድኃኒት መስጫ መዝገብ፣ የርክክብ ደብተር፣ የፈረቃ ሰሌዳ (የኤጀንሲ ሠራተኞችን ጨምሮ) እና ኢሜይሎች ብለው ይዘርዝሩ። የካሜራ ቅጂ ብዙ ቦታ በአንድ ወር ገደማ ራሱን ይሰርዛልና “እንዳይጠፋ ይጠበቅ” የሚል ኢሜይል ከሁሉ ይቅደም። በሰሜን አየርላንዱ ማካሞር አቢ ሆስፒታል በታካሚዎች ላይ የደረሰው በደል መጠን በ2017 የወጣው ካሜራዎቹ ሲቀርጹ እንደቆዩ በመታወቁ ነው።

ኬር ዎርከር ነኝ፤ የምሠራው በስፖንሰር ቪዛ ነው። የክትትል ቅጹን በፈረቃው ማብቂያ በአንዴ እንድንሞላው ይነግሩናል። እምቢ ብል ቪዛዬን አጣለሁ? — ስሜ ይቆየኝ

ያላዩትን አይፈርሙ። በሥራ ብዛት ያለፈዎት ከሆነ ክፍተቱን ባዶ ይተዉት፤ ወይም “በኋላ የተጻፈ፣ ሰዓቱ ይህ፣ ምክንያቱ ይህ” ብለው ይጻፉ። ችግር ሲመጣ ኃላፊው “ሙሉ” ማለቱን አያስታውስም፤ ቅጹ ላይ ያለው የእርስዎ ፊርማ ነው። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ሆን ብሎ ቸል ማለት ወይም ማንገላታት ለኬር ሠራተኛ በግሉ ወንጀል ነው፤ እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል።

ለኃላፊው በኢሜይል ያሳውቁ፤ ትእዛዙን ማን፣ መቼ እንደሰጠ፣ በዚያ ፈረቃ ስንት ሠራተኛ ለስንት ሰው እንደነበር። የነዋሪዎችን ፋይል ፎቶ አንስተው ቤት አይውሰዱ፤ እሱ ራሱ መባረሪያ ይሆንብዎታል። ቀጥሎ ለሲኪውሲ ይንገሩ፤ ጥቆማ ሰጪን በሚጠብቀው የ1998ቱ ሕግ ሲኪውሲ በሕግ ከተሰየሙት ተቀባዮች አንዱ ነው። በስልክ ብቻ አይሁን። በዊንተርበርን ቪው አንድ ነርስ ከካሜራው ወራት ቀድሞ ለድርጅቱም ለሲኪውሲም ጽፎ ነበር፤ የሚገባው ክትትል አልተደረገለትም። ዱራም በነበረው ዎርልተን ሆል ሆስፒታል የሲኪውሲ ተቆጣጣሪዎች በ2015 ያዘጋጁት አሳሳቢ ረቂቅ ሳይታተም ቀረ፤ በደሉ ለሕዝብ የተገለጠው በ2019 በቴሌቪዥን ነው። ስለዚህ የደረሰኝ ማረጋገጫ ይያዙ፤ በ2 ሳምንት ውስጥ ምላሽ ካጡ እንደገና ይጻፉ።

ቪዛው ላይ አናባብልዎትም። ከሥራ ከወጡ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ቪዛውን አሳጥሮ ሌላ ስፖንሰር ለመፈለጊያ ብዙውን ጊዜ 60 ቀን ይሰጣል። ሕጉ ከመባረር ቢከላከልልዎትም ስፖንሰር አይተካም። እናም ከመናገርዎ በፊት የሠራተኛ ማኅበር አባል ይሁኑና ፈቃድ ያላቸውን ሌሎች ቀጣሪዎች ከወዲሁ ይለዩ። በጥቆማዎ ምክንያት ከተባረሩ ክሱ እስኪታይ ደመወዝዎ እንዲቀጥል የሥራ ክርክር ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይቻላል፤ ማመልከቻው ግን ከተባረሩ በ7 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ይህ ቀን ነው ብዙ ሰው የሚያመልጠው።

ተመሳሳይ ሪፖርት በየጊዜው ይወጣል። ለምን አይለወጥም? — ከኖቲንግሃም

ካርዲፍ በነበረው ኢሊ ሆስፒታል ስለደረሰው በደል የቀረበው ሪፖርት የወጣው በ1969 ነው፤ የአደጋው አፈጣጠር ከዊንተርበርን ቪው ብዙም አይለይም፦ ከቤተሰብ የራቀ ዝግ ቦታ፣ የሚነቅፍን ሠራተኛ ማግለል፣ ቅሬታን በየነጠላው መዝጋት።

የእኛ ግምት ይህ ነው፤ እርምጃው ሁልጊዜ የሚወድቀው ክፍሉ ላይ እንጂ አገልግሎቱን ከፍሎ የሚገዛው አካል ላይ አይደለም። በዊንተርበርን ቪው 11 ሠራተኞች ተፈርዶባቸው 6ቱ ታሠሩ። ለአንድ ሰው በሳምንት በአማካይ 3,500 ፓውንድ እየከፈሉ ሰው የላኩት ግን አገልግሎቱን የሚገዙት የኤንኤችኤስ አካላት ነበሩ፤ ምን እየገዙ እንደሆነ ሄዶ ያየ ጥቂት ነው። መንግሥት ያለ አግባብ ሆስፒታል የተቀመጡት ሁሉ እስከ ሰኔ 1 ቀን 2014 ይወጣሉ አለ፤ አልሆነም። በጥቅምት 2015 ደግሞ አልጋዎቹን እስከ መጋቢት 2019 ከ35 እስከ 50 በመቶ እቀንሳለሁ አለ፤ ያም አልተሳካም። አልጋው የሚከፈለው ከአንዱ በጀት፣ በማኅበረሰቡ ውስጥ የሚሠራው ቤትና ሠራተኛ ከሌላው ስለሆነ ሰውየውን ማውጣት የሚከብደው ካውንስሉን ነው፤ ማቆየት ግን ማንንም ለአዲስ ውሳኔ አያስገድድም። ልጅዎ እንዲህ ባለ ቦታ ካለ ስብሰባው ላይ የሐኪሙን ብቻ ሳይሆን የከፋዩን ተወካይ ይፈልጉ፤ “የሚወጣበት ቀን መቼ ነው? ቤቱን የሚከፍለው ማነው?” ብለው በቃለ ጉባኤ ያስይዙ።

የጊዜ ገደቦቹን በአጭሩ ብትነግሩን? — ከብሪስቶል

ለኤንኤችኤስ ቅሬታ፦ ከድርጊቱ ወይም ካወቁበት ቀን 12 ወር፤ መድረሱን በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለባቸው። ካልረኩ ወደ ጤናው እንባ ጠባቂ፤ እዚያም በመርሕ ደረጃ 12 ወር ነው። በሰብአዊ መብት ሕግ ለመክሰስ 1 ዓመት፣ በሕክምና ቸልተኝነት 3 ዓመት። ወጥመዱ እዚህ ነው፦ የኮሮነር ችሎት ብዙ ጊዜ ከ1 ዓመት በላይ ይዘገያል፤ “ችሎቱ ይለቅ” ብለው ሲጠብቁ የሰብአዊ መብቱ ቀን ያልፋል። ለአዋቂ ልጅ ወላጅ ይህ ይበልጥ ያሳስባል፤ በሕግ የተወሰነው የኀዘን ካሳ (15,120 ፓውንድ) ለትዳር ጓደኛና ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ወላጅ እንጂ ለ31 ዓመት ልጅ እናት አይከፈልም፤ የሚቀራት ዋና መንገድ የሰብአዊ መብቱ ክስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠበቃው በመጀመሪያው ዓመት ክሱን እንዲያስገባ ወይም ከትረስቱ የጊዜ ማራዘሚያ ስምምነት በጽሑፍ እንዲይዝ ያድርጉ። መንግሥት ለሕይወት ጥበቃ ያለበት ግዴታ በሚመረመርበት ችሎት የነፃ ጠበቃ ድጋፍ ከጥር 2022 ወዲህ የቤተሰቡን ገቢ ሳያይ ሊሰጥ ይችላል። ኢንክዌስት የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅትም ቤተሰቦችን በነፃ ያማክራል።

በችሎቱ መጨረሻ ኮሮነሩ ወደፊት ሌላ ሰው ሊሞት ይችላል ብሎ ከሰጋ ለተቋሙ የመከላከያ ሪፖርት ይጽፋል፤ ተቋሙ በ56 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። የትረስቱ ጠበቃ ይህን ለማስቀረት “ሁሉን አስተካክለናል” የሚል ቃል ይዞ ይመጣል። እናንተም አንድ ገጽ ይዛችሁ ግቡ፦ የቱ እርምጃ እስካሁን እንዳልተፈጸመ፣ ያለፉት 3 ወራት የክትትል ቁጥጥር ውጤት የት እንዳለ፣ አዲሱ የገላ መታጠብ ዕቅድ ለስንት ታካሚ እንደተጻፈ የሚጠይቅ።